የሚያስለቅሰው ጎማ

ጥቅ. 3፣ ረፋድ ላይ

ዛሬም አለቀሱብኝ።

ሽንኩርትና ጨው ልገዛ ገበያ እየወረድኩ ነው እኮ፤ ሌላ ምንም ጉዳይ የለኝም። ሳይክሌ ገና አስፋልቱ ላይ ከመውጣቱ ጎማው ጀመረ። እምምምም። ሦስተኛው በር ላይ አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብቅ አለች። ማን ነው? አለችኝ። ማንም አልኳት። አትደብቂኝ ብላ ደረቷን ያዘች። ሽንኩርት ነው እናቴ፣ ሽንኩርት ልገዛ ነው! አልኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። ተቆጣች። እኔን!

ማስታወሻዬ፣ አንቺ ፍረጂኝ። የሃያ አንዷ ማርያም የእናቶች እድር መልእክተኛ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ። አባል ሲያርፍ በየበሩ ዞሬ፣ እከሊት አርፋለች፣ ቀብር በዚህ ሰዓት በዚህ ደብር ነው ብዬ እጠራለሁ። ከበር አላልፍም፣ አልቀመጥም፣ ውሃ አልቀምስም፤ ደንቡ ነው። ለሟች ቤተ ዘመድ መርዶ መንገርማ የሽማግሌዎች ነው፣ የኔ አይደለም። በእግሬ ስዞር በኖርኩበት ዘመን ማንም ፈርቶኝ አያውቅም። አሁን በሳይክል ስመጣ ሞትን ከኋላዬ አፈናጥጬ የምዞር ይመስላቸዋል።

ሽንኩርቱንም ሳልገዛ ተመለስኩ። ለንዴት።

ጥቅ. 4፣ ከቅዳሴ መልስ

ትናንት ከንዴቴ ብዛት ከመሃል ጀመርኩልሽ። ሳይክሉ ማውንቴን የሚሉት ነው። መንገድ ሠሪዎቹ እዚህ መካነ ኢየሱስ በነበሩ ጊዜ አንድ ቀያሽ ጓሯችን ያለውን ክፍል ተከራይቶ ነበር። ሲሄድ ለኔ ትቶልኝ ሄደ። መንዳቱንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ሁለት ጊዜ ጎመኑ ውስጥ ወደቅሁ። ባለቤቴ ደሴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ይሳቅ። በሳምንቱ እየነዳሁ አጠገቡ አለፍኩ።

ጎማው ነው ጉዱ። ለተራራና ለጭቃ የተሠራ ነው፤ ወፍራም፣ ዙሪያውን እንደ በቆሎ ጥርስ ጥርስ ያለው። ኮረቱ ላይ አንበሳ ነበር። አስፋልት ሲገባ ግን እያንዳንዱ ጥርስ መሬቱን በየተራ ይመታና ያ ሁሉ ተደምሮ እምምታ ይሆናል። እስከ ወፍጮ ቤቱ ይሰማል። ደግሞ ይጎትታል። ቁልቁለት ላይ እንኳ ካልገፋሁት አይሄድም፤ ጉልበቴን ጨረሰው።

በክረምቱ ሦስት ለቅሶ በላይ በላዩ ሆነ። ሦስቱንም በሳይክሉ ዞሬ ጠራሁ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ድምፁን ለመደ። በስሜ የትርንጎ ጥሩንባ ይሉታል። እም ሲል ልብስ የምታጥበዋ ትነሣለች፣ ሽማግሌው ቆቡን ያወልቃል። አንዳንዷማ ማን እንደሞተ ሳታውቅ አስቀድማ ታለቅሳለች፤ ስሙን ኋላ ትጠይቃለች።

እኔስ ሰው አይደለሁም? ወፍጮ ቤት አልሄድም? እህቴን አልጠይቅም?

ጥቅ. 7፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

እጄ ገና ከግራሶው አልጠራም። የጻፍኩት ካልተነበበልሽ ይቅርታ።

እትዬ ዘውዲቱን ታውቂያታለሽ፤ የእድራችን አባል ናት፣ ቤቷ አስፋልቱ ዳር ነው። አንድ ልጇ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። ስልክ ከደወለ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሴትዮዋ እህል አይወርድላትም።

ዛሬ ከእህቴ ቤት ስመለስ፣ ልክ በእሷ በር ላይ ካቴናው ወለቀ። ከዓለም በር መርጦ! ወረድኩ። አጎንብሼ ካቴናውን እፈልጋለሁ፤ እጄ እስከ ክንዴ ግራሶ ሆኗል። ለካ እሷ ውስጥ ሆና ጎማው እም እያለ ሲመጣ ሰምታለች። ሲቆምም ሰምታለች፤ በራሷ በር ላይ ሲቆም። ወጣች። አንገቴን ደፍቼ ቆሜያለሁ። ገና አላየኋትም።

«ልጄን!» አለች።

ቀና ስል መሬት ላይ ናት። ኧረ እትዬ ዘውዲቱ፣ ካቴና ነው፣ ካቴና ነው እያልኩ ጮህኩ። እኔ በጮህኩ ቁጥር ሰው አብሬ የማለቅስ መሰለው። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። አንዷ ፊቷን ነጨች፣ አንዷ ልጁ በሕፃንነቱ እንዴት ጨዋ እንደነበር ማውራት ጀመረች። ሁለት ወንዶች የእድሩን የድንኳን ቋሚ ተሸክመው ደረሱ። እንዴት እንደፈጠኑ! ሌላ ጊዜ ድንኳን ትከሉ ሲባሉ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጅባቸው።

በመጨረሻ አንድ አስተዋይ ሰው ስልክ ደወለ። ልጁ አነሣ። ምሳ እየበላሁ ነው አለ። ስልኩ ተበላሽቶበት ዛሬ ነው ያሠራው። እናቱ ድምፁን ስትሰማ ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ ውሃ ረጩባት።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ማስታወሻዬ፣ ምን አደረግሁ? ንገሪኝ እስቲ። ካቴና ወለቀብኝ። ሟርተኛ አሉኝ።

ጥቅ. 8

የእድራችን ሰብሳቢ ወ/ሮ የሺ አስጠርታኝ ሄድኩ። ወንበር ሰጠችኝ፤ ወንበር ስትሰጥ መጥፎ ነገር አለ ማለት ነው። ጥቅምት 21 ማርያም በስብሰባው ላይ ነገርሽ ይታያል አለችኝ። አባላቱ ሁለት ሐሳብ አላቸው፤ ወይ ሳይክሉን ትተወዋለች፣ ወይ መልእክተኝነቱን ለሌላ ታስረክባለች። ሞተር ያለው ሰው ተገኝቷል አሉ።

ሞተር! ሞተሩ ዱር ዱር ሲል አያስለቅስም ማለት ነው? ወንድ ስለሚነዳው?

አልኳትም። እትዬ የሺ፣ አባላቱ ዱሮ ከዚህ እስከ ወንዙ ነበሩ፤ አሁን አስፋልቱን ተከትለው እስከ መገንጠያው ተበትነዋል። በእግሬ ዞሬ ለቀብር ሰዓት አላደርስም፤ አምና በእግሬ ስዞር ስንቷ ቀብር እንዳመለጣት እርስዎ ያውቃሉ። አዎ አለች። ታዲያስ? ተነሥታ ሸኘችኝ። ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ ለማንም ብዬው አላውቅም፣ ለአንቺ ግን ልበልሽ። አንዲት ሴት ብቻዋን እንዳትቀበር ከማድረግ የበለጠ ምን ሥራ አለ? ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ አገሩ ሁሉ በስሜ የሚያውቀኝ በዚህ ነው።

ቤት ስገባ ደሴ ሳይክሉን ብንሸጠውስ አለኝ። የቀዘቀዘውን እራት አቀረብኩለት። ገባው።

ጥቅ. 11፣ ከሰዓት

አንድ ነገር ታየኝ። ሳይክሉ አይደለም የሚጮኸው፤ ጎማው ነው። ጎማው ይቀየራ! እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም?

ጎሚስታው ሙሉቀን ጋ ገፍቼ ወሰድኩት። ጥርስ የሌለው፣ ልሙጥ ጎማ አድርግልኝ አልኩት። ሳቀ። አጠገቡ ጫት የሚቅሙትም ሳቁ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ጥርስ የሌለው ጎማ አስፋልት ላይ እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትትሽ። ጥርስ ነው የሚጨብጠው።»

የሚኒባሱ ጎማ ጥርሱ የት አለ? አልኩት። እሱ ከባድ ስለሆነ ነው አለኝ። እኔስ ቀላል ነኝ? አልኩት። ይኼኔ ግን ሊስቅ አልደፈረም። ከዚያ ከጣሪያው ላይ አንድ ቀጭን የእሽቅድድም ጎማ አውርዶ ልሙጥ ካልሽ ይኸው አለ። ጎኑ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። የኔ 26 ይላል፤ ያ 28። አይገባም አልኩት። በመዶሻ ይገባል አለኝ! በመዶሻ! ሃያ ዓመት ጎማ የሠራ ሰው። ቁጥሩን አንብብ አልኩት፤ ቁጥር ለፋብሪካው ነው ይለኛል። ለማን ይጽፉታል ታዲያ፣ ለጌጥ?

ሌላም ሐሳብ አመጣ፤ ጥርሱን በቢላ እንላገው አለ። ሳልፈቅድለት ሁለቱን ጥርስ ቀጭ ቀጭ አደረጋቸው፤ ከሥሩ ክሩ ወጣ። ጮህኩበት። ቢላውን አስቀመጠ።

ባ/ዳር እሄዳለሁ። የሳይክል አገር እሱ ነው።

ጥቅ. 14፣ ባ/ዳር፣ የእህቴ ልጅ ቤት

በጠዋቱ አውቶቡስ መጣሁ። አንዱን ጎማ አስፈትቼ በአንገቴ አጥልቄ ነው የመጣሁት፤ ልኩን እንዳልሳሳት። አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ሰውዬ የአበባ ጉንጉን ነው ወይ ብሎ አፌዘ። መልስ አልሰጠሁትም፤ በጎማው ጠርዝ ግን ሁለት ጊዜ መታሁት፣ ሳላውቅ።

ወይ እዚህ ያለው ሳይክል! ሴቶቹ በነጠላ፣ በቀሚስ፣ ልጅ አዝለው ይነዳሉ። ማንም ዞር ብሎ አያይም። ቆሜ አየኋቸው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ከንዴት ይሁን ከምን እንጃ።

ጎማ ሻጩ ሽማግሌ ናቸው። አያ አልኳቸው፤ ደስ አላቸው። ጎማዬን አገላብጠው አዩ። ይኼ በጥፍሩ የቆመ ድመት ነው አሉኝ። ጥርሱ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ነው የሚይዘው፤ አስፋልት አይሰምጥለትም፣ ስለዚህ በጥፍሩ ጫፍ ይሄዳል። ይጮኻል፣ ያደክማል፣ እርጥብ መታጠፊያ ላይም የሚጥልሽ እሱ ነው። አስፋልት የሚይዘው የላስቲኩ ገላ ነው፤ ብዙ ገላ ሲነካ ብዙ ይይዛል። ሙሉቀን ይህን በሰማ!

ሁለት ዓይነት አወጡልኝ፣ ሁለቱም 26። አንዱ መሃሉ ልሙጥ፣ ጎንና ጎኑ ጥርስ ያለው፤ ለአስፋልትም ለኮረትም ይሆናል። ሌላው ሙሉ ልሙጥ፣ ቀጠን ያለ፣ ውሃ የሚሄድባቸው ስስ ቦዮች ብቻ ያሉት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይወስዳል አሉኝ። ልስማቸው አልኩ። ምኑን? ድምፃቸውን። ተገርመው አዩኝ፣ ግን እሺ አሉ፤ ሁለቱንም በሱቁ ሳይክል ላይ በየተራ አስገቡልኝ። አስፋልት ላይ ነዳሁ። መሃሉ ልሙጥ የሆነው ቀጥ ብዬ ስሄድ ዝም፤ ስታጠፍ ግን ያ እም አለ፣ በቀጭኑ። ወደ ሰው በር የምገባው ታጥፌ ነዋ! ሙሉ ልሙጡ ግን ምንም። የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ።

ኮረት ላይስ? አሉኝ አያ። ከአስፋልት ስወጣ ወርጄ እገፋዋለሁ አልኳቸው። እንግዲያው ይኼ ነው ያንቺ አሉ። ነፋሱን ጠንከር አድርገሽ ሙይው፣ ቢለሰልስ መስተዋት ይበሳዋል፤ ውስጡ የሚገባውን ከመነዳሪም ለቀጭን ጎማ ወፍራም አታድርጊበት። ሁሉንም በእጄ ላይ ጻፍኩት።

ጥቅ. 15፣ ከሰዓት

ሙሉቀን ሁለቱንም ልሙጥ ጎማ አስገባልኝ። እያጉረመረመ። ትወድቂያለሽ፣ በኔ እንዳታሳብቢ አለኝ። ጠንክረህ ንፋ አልኩት። ይፈነዳል አለ። ንፋ! ነፋ።

እልል! ማስታወሻዬ፣ እንዴት ልንገርሽ? እንደ ዘይት ነው የሚፈሰው። ከወፍጮ ቤቱ እስከ መገንጠያው ጉልበቴን ሳላውቀው ደረስኩ። በሮቹ ሁሉ ዝም። ማንም አልወጣም፣ ማንም ቆቡን አላወለቀም። አንዲት ዶሮ ብቻ ደነገጠች፣ በጣም ቀርቤያት ስለነበር። እኔ ሴት ነኝ፣ መንገድ ላይ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ሌላ ምንም አይደለሁም! ሽንኩርት ገዛሁ። የማልፈልገውንም ገዛሁ።

ስብሰባው ላይ ይኼንን ነው የማሳያቸው። ምን ሊሉ ነው ደግሞ።

ጥቅ. 18፣ ቀን 10 ሰዓት

እማማ በላይነሽ ዛሬ ንጋት ላይ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። የእድሩ ትልቋ አባል እሳቸው ነበሩ። በስብሰባ ላይ አንቀላፍተው፣ ድምፅ ሲሰጥ ብቻ ነቅተው እኔም የሚሉት።

ወ/ሮ የሺ ደወለችልኝ፤ ቀብር በስምንት ሰዓት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። እንደ ንፋስ ነው የሄድኩት። አሥራ ሁለት ቤት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጠራሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በለቅሶ መንገድ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ እትዬ ዘውዲቱ ጋ ደረስኩ። ልጇ ደኅና ስለሆነላት ለኅዳር ጽዮን ዝክር ስለተሳለች፣ አምስት ሴቶች ግቢዋ ውስጥ ጌሾ ይወቅጣሉ። በሩ ክፍት ነው። ማንም አልሰማኝ። እትዬ ዘውዲቱ መሃል ላይ ናት፤ ዘነዘናውን እንደ ከዘራ ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እያንኮራፋች። ከዚያ ብንን ብላ «እኔም! እኔም!» አለች። ልክ እማማ በላይነሽን አስመስላ። ሴቶቹ ተንከተከቱ፣ አንዷ እስከ መቀመጥ ደረሰች። እማማ በላይነሽ ቢሰሙሽ! ትላለች አንዷ። ጥሯቸው፣ ጥሯቸው፣ በራሳቸው ይስቃሉ ትላለች ሌላዋ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።  ልመለስ? ዞሬ ልምጣ? ልሳል?

እትዬ ዘውዲቱ ዓይኗን ስትገልጥ አየችኝ። ነይ ግቢ፣ ይኼን ሳትሰሚማ አትሄጂም አለችኝ እየሳቀች። ከዚያ ነጠላዬን አየች።

ተናገርኩ። ሌላ ምን ላደርግ።

ዘነዘናው ከእጇ ወደቀ። ማንም አላለቀሰም፤ አፈሩ፣ ሁሉም አፈሩ፣ ሳቃቸው ገና ፊታቸው ላይ ነበር። ማልቀስ የጀመሩት እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው። ከመሄዴ በፊት እትዬ ዘውዲቱ እስከ በሩ መጣች። አልጮኸችም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያን ጊዜ ሳይሞት አስለቀስሽኝ» አለችኝ። «ዛሬ ደግሞ ሞተው አሳቅሽኝ።»

የቀሩትን ቤቶች ሳይክሉን እየገፋሁ በእግሬ ጨረስኩ። ሁለት ሴቶች ቀብሩ አመለጣቸው። በኔ ምክንያት።

ጥቅ. 19

ምንም አልጽፍም ዛሬ። ደሴ ምን ሆነሻል አለኝ። ጎማው ጥሩ ነው አልኩት። እሱን አልጠየቅሁሽም አለ።

ጥቅ. 21፣ ማርያም፣ ከሰዓት በኋላ

ከስብሰባ መጣሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልሽ።

ወ/ሮ የሺ ነገሩን ከፈተች። ከዚያ ያልጠበቅሁት መጣ። ዝም ያለውን ጎማ አንፈልግም አሉ! እነዚያው ሴቶች! ያ ድምፅ ሲመጣ መቀነታችንን እናጠብቅ ነበር፣ ነጠላችንን እንይዝ ነበር፣ ልባችን ይዘጋጅ ነበር፤ አሁን በባዶ እጃችን ያዘችን። ስለዚህ ጥርሳሙ ጎማ ይመለስ፤ በለቅሶ ቀን ብቻ ትንዳ፤ በሌላ ቀን ግን ያ ድምፅ በሰፈሩ እንዳይሰማ ሳይክሉ ይቆለፍ። ቁልፉም ወ/ሮ የሺ ጋ ይቀመጥ።

ቁልፉ! የኔ ሳይክል፣ የኔ ቁልፍ!

ተነሣሁ። ሳስበው የሰነበትኩት ንግግር ጠፋኝ፤ የወጣው ሌላ ነው። እናቶቼ፣ እህቶቼ አልኩ፣ አሥር ዓመት በእግሬ ስመጣላችሁ ማን ነበር የሚያዘጋጃችሁ? ጎማ ነበረኝ? ከሩቅ ታዩኝ ነበር። አካሄዴን ታውቁት ነበር። እትዬ እከሊት ብዬ በስማችሁ ስጣራ ከድምፄ ትረዱት ነበር። በሳይክል ስመጣ ይኼን ሁሉ ለጎማው ተውኩለት፤ እኔ ሰነፍኩ፣ እሱ ጮኸልኝ። እናንተም ወደዳችሁት፣ ፊቴን ከማየት ስለሚያድናችሁ። ጥፋቴ ይኼ ነው፣ ይኼን እቀበላለሁ። መቆለፍን ግን አልቀበልም። ሰው ሲሞት ብቻ መንገድ ላይ የምትፈቀድ ሴት አልሆንም።

አጉረመረሙ። አንዷ አፏ እንዴት ሰፋ አለች። ሰማኋት፤ ሽሮዬን ስትበላ አልሰፋባትም ነበር።

እትዬ ዘውዲቱ እጇን አነሣች። የመጨረሻ ተስፋዬ ተቆረጠ አልኩ። እሷ ግን ጥርሱ ይመለስ ያላችሁት በእናንተ በር ላይ ስላልቆመ ነው አለች። እኔ በሬ ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ። ደግሜ አልሰማውም። ብላ ተቀመጠች። 

ለሁለት ተከፈሉ። ወ/ሮ የሺ እንደ ልማዷ ቀጠሮ ሰጠች። እስከ ኅዳር ጽዮን አስቢበት፣ ጥርሳሙን ጎማ ግን እንዳትጥይው፣ አምጪውና ከእድሩ ድስትና ድንኳን ጋር እናስቀምጠው፣ ለማንኛውም ይኑር አለችኝ። ለማንኛውም!

አስቤያለሁ። እስከ ኅዳር አያደርሰኝም።

ከዛሬ ጀምሮ፣ ጥሪ ሲኖር ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ ከሳይክሉ እወርዳለሁ። አጥር ላይ አስደግፌው በእግሬ እሄዳለሁ። የቤቷን ሴት በስሟ እጣራለሁ፣ እስክትወጣ እጠብቃለሁ፣ ነጠላዬን እስክታይ ቆሜ፣ ዓይኗን እያየሁ እነግራታለሁ። ደቂቃ ይፈጃል፤ ይፍጅ፣ ልሙጡ ጎማ ያተረፈልኝን ደቂቃ ነው የምሰጣቸው። ካልተስማማቸው ሞተረኛውን ይጥሩ። እኔ ግን በማናቸውም ቀን፣ ወደ ፈለግሁበት እነዳለሁ።

ሐሳቤን እንዳልቀይር፣ እነሱም እንዳያስቀይሩኝ፣ ከጎረቤት መጋዝ ተውሼ መጣሁ። አንዱን ጥርሳም ጎማ ቆርጬዋለሁ፤ ላስቲኩ ቀላል ነው፣ ጠርዙ ላይ ያለው ሽቦ ነው ያስቸገረኝ። ሁለተኛው እየተሽከረከረ አልቆም አለኝ። ደሴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየኛል። አብደሻል እንዴ ይል ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ።

ያዝልኝ አልኩት።

ኮቱን አውልቆ መጣና ያዘልኝ።